«እናጥናው»፦ ዘጠኝ ቀን በጓንዡና በቻንግሻ

ከቻይና ከተመለስኩ ከወር በላይ ሆነኝ። የሄድነው ማሽን ልንገዛ ነው። ደብረ ብርሃን ለሚተከል የውሃ ጠርሙስ ማምረቻ ኮምፕረሰር እንፈልግ ነበር። ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ፎቁ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ምግቡ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው አንድ የስብሰባ ክፍል ነው። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ ማን እያወቀ ዝም እንዳለ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ በየቀኑ እንደሆነው ልጽፈው ወሰንኩ።

ሦስት ሆነን ነው የሄድነው። ሁላችንም «ኢንጂነር» የምንላቸው ሥራ አስኪያጃችን፣ የፋይናንስ ኃላፊያችንና እኔ። እኔ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017፣ ጓንዡ

ከቦሌ ሌሊት ተነስተን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጓንዡ ገባን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። አውሮፕላኑ በነጋዴ ተሞልቷል። አብዛኞቹ መንገዱን እንደ መርካቶ ነው የሚያውቁት።

አስተርጓሚያችን አየር ማረፊያ ጠበቀን። የወሎ ልጅ ነው። ቻንግሻ ተምሮ እዚያው ሥራ ይዟል። ዕቃችንን ሆቴል አስቀምጠን በቀጥታ ሺያዎቤይ ወሰደን። አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው። የጭነት ወኪሉ፣ የጨርቅ ሱቁ፣ ሐላል ሥጋ ቤቱ አንድ ላይ ተጠጋግቷል። አንድ ያገራችን ሰው ቤት እንጀራ በላን። ለአንድ ሰው 70 ዩዋን። በዚያ ሰሞን አንድ ዩዋን ወደ 17 ብር ስለነበር 1200 ብር መሆኑ ነው። እንጀራው ትንሽ ወፍራም ነበር። ሽሮው ግን የቤት ሽሮ ነው።

አጠገባችን ስምንት ዓመት ጓንዡ የኖረች ነጋዴ ተቀምጣ ነበር። ፋብሪካ ልንጎበኝ መሆኑን ስትሰማ ወደ ፋይናንስ ኃላፊያችን ዞር አለች። «እህቴ፣ ‘ሜይ ዌንቲ’ ሲሉሽ፣ ችግር የለም ማለታቸው ነው፣ ደግመሽ ጠይቂ። ‘ያንጂዩ ያንጂዩ’ ሲሉሽ ደግሞ፣ እናጥናው ማለታቸው ነው፣ ሌላ መንገድ ፈልጊ።» ሳቅን። ሦስት ቀን ሳይሞላ ምክሯ ትዝ አለኝ፤ ያለችው ሁሉ ደረሰ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ከጓንዡ ወደ ቻንግሻ

ከጓንዡ ደቡብ ባቡር ጣቢያ ወደ ቻንግሻ ደቡብ። ርቀቱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል ደረስን። ትኬቱ ሁለተኛ ማዕረግ ከ300 ዩዋን በላይ ነው። ይህ መስመር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ነው። ቡናዬ ኩባያው ውስጥ አልተንቀሳቀሰም። የደብረ ብርሃንን መንገድ በየሳምንቱ ለምመላለስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመንገድ ላይ አስተርጓሚው ስለ አጠራር አስተማረን። ነገሩ የአክብሮት ወግ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አለቃ በቤተሰብ ስሙ ብቻ አይጠራም፣ ማዕረጉ ይከተላል። ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ከቤተሰብ ስሙ ቀጥሎ «ዞንግ» ይባላል። መሐንዲስ ከሆነ «ጎንግ»። ምክትል ሥራ አስኪያጅን ፊት ለፊት ሲጠሩት «ምክትል» የሚለውን ቃል ይተዉታል። እሱም «ዞንግ» ነው። ዋናው እዚያው ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል።

«ጋሼ፣ ማዕረጉን ካወቅክ ማን ማንን ‘ተሳስተሃል’ ሊለው እንደሚችል ታውቃለህ» አለኝ።

ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ነገረኝ። በአሊባባ ሠራተኞች የብዕር ስም የመሰለ ቅጽል ስም አላቸው፣ በዚያ ይጠራራሉ። ቲክቶክን በፈጠረው ባይትዳንስ ውስጥ «ዞንግ» ማለት እንዳይቻል ተደርጓል። ሐሳቡ ወጣቱ አለቃውን ሳይፈራ እንዲናገር ነው። «የኛ ፋብሪካ ግን እንደዚያ አይደለም» አለ። «ባለቤቱ ራሱ ከምንም ተነስቶ የሠራው ነው። ቃሉ ቃል ነው።»

ቻንግሻ ስንደርስ ራበን። ከሆቴሉ ጀርባ አንዲት ትንሽ የሩዝ ፓስታ ቤት ገባን። ሚፈን ይሉታል። አንድ ሳህን 13 ዩዋን። ቻንግሻ ያለችበት የሁናን ክፍለ ሀገር ሰው ቃሪያ ይወዳል። የእኛን ሚጥሚጣ ለለመደ ምላስ እንኳን ያቃጥላል። በልተን ስንጨርስ ስልኬ ላይ ያሰርኩት የባንክ ካርድ እምቢ አለ። ሁለተኛም ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። አስተርጓሚው ወደ ቤቱ ሄዷል። ከኋላዬ ሰልፍ ነው። ጥሬ ገንዘብ አወጣሁ፣ ባለቤቷ ግን መልስ የላትም። ከኋላዬ የነበረ ልጅ ምንም ሳይናገር በስልኩ ከፈለልንና ሳህኑን ይዞ ሄደ። ተከትዬው 50 ዩዋን ልሰጠው ብል እጁን አወዛወዘ። የዚያን ልጅ ፊት አልረሳውም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ የመጀመሪያው ስብሰባ

ፋብሪካው ከከተማው አርባ ደቂቃ ነው። የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ አለው። በየወንበሩ ፊት የስም ካርድ፣ ክዳን ያለው የሻይ ስኒና አንድ ጠርሙስ ውሃ። ዋና ሥራ አስኪያጁ መሐል ላይ፣ በሩን ፊት ለፊት እያየ ይቀመጣል። በግራው ምክትሉ፣ በቀኙ የሽያጭ ኃላፊው። ከዚያ እንደየማዕረጋቸው ወደ ጥግ እየራቁ ይሄዳሉ። ወጣቶቹ ጠረጴዛው ጋ አይደርሱም። ግድግዳውን ተደግፈው በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል።

እኛን የቀበሉን ከአለቃቸው ትይዩ ኢንጂነርን በማስቀመጥ ነው። የእኛንም ማዕረግ ቀድመው ጠይቀው አውቀዋል። እኔ ሦስተኛ ነኝ። ከፊቴ የእነሱ ሦስተኛ ሰው።

ዋና ሥራ አስኪያጁ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ስለ ፋብሪካው ታሪክ፣ ስለ ላኩባቸው አገሮች፣ ስለ ወዳጅነት። እሱ ሲናገር ሁሉም ይጽፋል። አስተርጓሚው ሲጀምር ብዕሩ ሁሉ ይቆማል። እንደገና ሲናገር እንደገና ይጽፋሉ። ከእነዚያ አሥር ሰዎች አንዱም በዚያ ቀን ከአለቃው የተለየ ሐሳብ አልተናገረም። ጥያቄ ሲኖረኝ ሁሉም መጀመሪያ ወደ እሱ ያያሉ። እሱ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ነው ባለሙያው የሚመልስልኝ።

ማታ አስተርጓሚውን ጠየቅኩት። በመንግሥትና በፓርቲ ተቋማት ዘንድ፣ አለ፣ የመጀመሪያው ሰው በመጨረሻ ሐሳቡን እንዲሰጥ የሚያዝ አሠራር አለ። አለቃው ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሁሉ እሱን ደግሞ ነው የሚናገረው፣ ይህን አውቀውታል። በግል ፋብሪካ ግን ያንን የሚያስገድድ የለም። አንድ የታወቀ አባባልም ነገረኝ። ትልቅ ስብሰባ ትንሽ ነገር ይፈታል፣ ትንሽ ስብሰባ ትልቅ ነገር ይፈታል፣ በጣም ትልቁ ነገር ስብሰባ አይጠራለትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4፣ የእኔ ጥፋት

ይህን ቀን መጻፍ ይከብደኛል።

ነገሩ ከፍታ ነው። ቻንግሻ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2800 ሜትር ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። ኮምፕረሰር የሚያምቀው አየርን ነው፣ ሞተሩም የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ጠርሙስ የሚነፋው አየር ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ትልቅ ሞተር፣ ወይ ለከፍታ የተሠራ ሞተር ያስፈልጋል። ይህ ምስጢር አይደለም። አዲስ አበባ ጄኔሬተር የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ዋና ሥራ አስኪያጁ በስብሰባው መጀመሪያ ላይ «ማሽናችን ለደብረ ብርሃን ምንም ችግር የለበትም» አለ። ሜይ ዌንቲ። ሁሉም ጻፉት።

ከወራት በፊት ከፋብሪካው አንድ ወጣት መሐንዲስ ጋር በኢሜይል እንጻጻፍ ነበር። አንድ ቀን በቻይንኛ የተጻፈ ሠንጠረዥ ልኮልኝ ነበር። በከፍታ ልክ ማሽኑ ምን ያህል አቅም እንደሚያጣ የሚያሳይ። ለሌላ ደንበኛ የተሠራ የውስጥ ሰነድ ነው። እሱ እንዲገባን ብሎ በቅንነት ነው የላከው። እጄን አነሣሁ። ሠንጠረዡን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «ይህ የራሳችሁ ሰነድ ነው፣ ችግር አለ ይላል» አልኩ።

አስተርጓሚው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እኔ ካልኩት አጠር አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አላየም። የስኒውን ክዳን አነሣ፣ መልሶ ከደነ። ያኔ ነው ሁሉም ዓይን ከእኔ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ረድፍ የሄደው። ወጣቱ እዚያ ነበር። አንገቱ ድረስ ቀልቷል።

ምክትሉ ፈገግ ብሎ «ያንጂዩ ያንጂዩ» አለ። እናጥናው። ስብሰባው ተዘጋ።

መኪና ውስጥ አስተርጓሚው ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ጋሼ፣ ልክ ነህ። ግን ፊቱን ነሳኸው። የሱን ብቻ አይደለም፣ የልጁንም።»

በአማርኛ «ፊት ነሳኝ» እንላለን፣ ስለዚህ ነገሩን በደንብ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ግን ልዩነት አለ። እኛ «ፊት አትስጠው» ስንል ልጁ እንዳይዳፈር ማለታችን ነው። እነሱ ዘንድ ፊት መስጠት ማክበር ነው፣ በሰው ፊት ሰውን ከፍ ማድረግ። ፊት የሚሰጠውና የሚነሳው ደግሞ ሌላ ሰው እያየ ነው። ያንኑ ሠንጠረዥ ለብቻው ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። አሥር የበታቾቹ ፊት፣ ያውም ከበታቾቹ በአንዱ እጅ የመጣ ወረቀት።

ማታ ግብዣ ነበር። ክብ ጠረጴዛ፣ መሐሉ የሚዞር መስታወት። እዚህም ቦታው በማዕረግ ነው። የዚያን ቀን ረቡዕ ስለሆነ የፋይናንስ ኃላፊያችን ጾመኛ ናት። አስተርጓሚው አስረድቶላት ቶፉና አትክልት አዘዙላት። ፎሶሊያው ሲመጣ በመሐሉ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ነበረበት። ምክትሉ ራሱ ተነሥቶ ሳህኑን አስመለሰ። ሁለተኛ ሳህን እስኪመጣም አልበላም። ይህን ደግነት ሳልጽፍ ባልፍ በደል ነው።

መጠጡ ባይጂዩ ነው። ከካቲካላ ይጠነክራል። ሲያጋጩ የበታቹ የብርጭቆውን አፍ ከአለቃው ብርጭቆ ዝቅ ያደርጋል። አስተርጓሚው «ያንጂዩ» በቻይንኛ «ሲጋራና አልኮል» ከሚለው ጋር ድምፁ እንደሚቀራረብ ነገረን። ሕዝቡ በዚህ ይቀልዳል። የሚጠናው ነገር የሚያልቀው በዚያ ነው ይላሉ። ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ምክትሉ ብርጭቆውን ይዞ ጠረጴዛውን ዞሮ ወደ አለቃው ሄደ። ጎንበስ ብሎ አጋጨ። ጎንበስ እንዳለ ረጅም ነገር በጆሮው ተናገረ። አለቃው ሁለቴ ነቀነቀ።

አስተርጓሚው ወደኔ ጠጋ ብሎ «ስብሰባው አሁን ነው» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5፣ ፋብሪካው

ጠዋት ማምረቻውን ጎበኘን። ወጣቱ መሐንዲስ አብሮን ነበር። አልተጣላኝም። ግን አላወራኝም። የማሽኑ ድምፅ ከባድ ነው፣ ማንም ማንንም አይሰማም። አንድ ሞተር ጋ ሲደርስ ቆመ። ከጎኑ የተንጠለጠለውን የአጠቃቀም መመሪያ ገለበጠና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ቻይንኛ አላነብም፤ «1000» የሚለውን ግን አነበብኩ። ጣቱን አነሣና መንገዱን ቀጠለ።

እሱ ከእኔ ጋር ተስማምቷል። ከአለቃው ጋር አልተስማማም። ያንን የገለጸበት መንገድ ይህ ብቻ ነበር።

ዝም ማለቱ ሰነፍ ወይም ፈሪ ስለሆነ አይደለም። «ጠመንጃ የሚመታው ራሷን ያወጣችውን ወፍ ነው» የሚል ምሳሌ አላቸው። እኛም «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። በዚያ ክፍል ውስጥ የልጁ ደመወዝ፣ ዕድገቱ፣ የዓመት መጨረሻ ጉርሻው በአንድ ሰው እጅ ነው። ተሳስቶ ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም። ልክ ሆኖ ቢናገር ሊቀጣ ይችላል። ይህን ሒሳብ ማንም ሠራተኛ ይሠራዋል፣ የትም አገር።

ከሰዓት በኋላ አስተርጓሚው መንገዱን አሳየን። ኢንጂነር ለዋና ሥራ አስኪያጁ በዊቻት መልእክት ላኩ። ስለ ስህተት አንድ ቃል የለበትም። እኛ ከፍተኛ ቦታ የምንኖር ነን፣ ልምዱ የለንም፣ የእርሶ ምክር ያስፈልገናል፣ ማሽኑ ብዙ ዓመት እንዲሠራልን ምን ይሻለናል የሚል ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። እውነቱን ለምን ደብቀን እንጠይቃለን አልኩ። ኢንጂነር ግን «አንተ አባትህን እንዴት ነው የምታርመው?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ማታ አራት ሰዓት ላይ የጋራ ቡድናችን ውስጥ የዋና ሥራ አስኪያጁ መልእክት ወጣ። የቴክኒክ ክፍሉ የከፍታውን ነገር እንዲመለከት የሚያዝ። ከሥሩ አንድ በአንድ መልስ ይወርድ ጀመር። «ሾውዳው።» «ሾውዳው።» «ሾውዳው።» ደርሶኛል ማለት ነው። እስማማለሁ አይልም፣ አልስማማምም አይልም። አሥራ አራት ቆጠርኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6፣ ሁለተኛው ስብሰባ

ስብሰባው ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ምክትሉ አንድ ገጽ አነበበ። «ዋና ሥራ አስኪያጃችን የኢትዮጵያን ደጋ በማሰብ ሞተሩ አንድ ደረጃ እንዲያድግ፣ ለ3000 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ወስነዋል። ከዋጋው ልዩነት ግማሹን ፋብሪካው ይችላል።» ዋና ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ለኢንጂነር እጁን ዘረጋ። ሁሉም አጨበጨቡ። ረቡዕ ዕለት የተባለው ነገር እንዳልተባለ ሆነ። ቃለ ጉባኤውንም አየሁት፣ የለም።

ጥሩ ውጤት ነው። ደስ ብሎኛል። ግን ወደ ግድግዳው ረድፍ ሳይ የወጣቱ ወንበር ባዶ ነበር። ጠየቅን። ለሌላ ደንበኛ ሥራ ወጥቷል አሉን። እውነት ሊሆን ይችላል። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7፣ ከተማው

ኢንጂነር አረፉ። እኔና የፋይናንስ ኃላፊያችን ከአስተርጓሚው ጋር ወጣን። በሺያንግ ወንዝ መሐል ባለው የብርቱካን ደሴት የወጣቱ ማኦ ትልቅ ሐውልት አለ። ቁመቱ 32 ሜትር ነው። ፀጉሩ በነፋስ የተበተነ። ማኦ የተማረው በዚህ ከተማ ነው።

ማኦ እ.ኤ.አ. በ1937 በስብሰባ ላይ ምንም ሳይናገሩ ከስብሰባ በኋላ የሚያወሩትን በጽሑፍ ነቅፎ ነበር። አስተርጓሚው ነገሩን በትምህርት ቤት ተምሮታል። «ስለዚህ ይህ ልማድ የዛሬ አይደለም» አለኝ።

ከዚያ ታይፒንግ መንገድ ሄድን። የሸተተ ቶፉ የሚሸጥበት፣ ወጣቱ የሚተራመስበት አሮጌ መንገድ ነው። ቶፉው ጥቁር ነው፣ ሽታው ሩቅ ይደርሳል፣ ጣዕሙ ግን ጥሩ ነው። በ10 ዩዋን በልተን በዚያው መንገድ ላይ ያለውን የጂያ ዪን ቤት አየን። ጂያ ዪ ከ2200 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ወጣት አማካሪ ነው። ለሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ያቀረባቸው ሐሳቦች ትልልቆቹን ሹማምንት አስቆጡ። ከዋና ከተማው ወደ ቻንግሻ ተላከ። ያኔ ቻንግሻ ሞቃት፣ ረግረግ፣ ሩቅ ቦታ ነበረች። በሠላሳዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ሞተ። እዚህ ሲመጣ ለቹ ዩዋን ሙሾ ጻፈ። ቹ ዩዋንም ምክሩ ያልተሰማለት ሹም ነበር፣ ከቻንግሻ ሰሜን ባለው የሚልዎ ወንዝ ራሱን አሰጠመ ይባላል። ቻይናውያን በየዓመቱ በጀልባ ውድድር ያስቡታል።

ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ከውጭ የቶፉው ጭስና ሙዚቃ ይሰማል። የዓርቡ ባዶ ወንበር ከፊቴ አልጠፋም።

እሑድ፣ ኅዳር 8፣ ዉሺ

ይህን ጉዞ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መኪና ተከራየን፣ ለቀኑ 600 ዩዋን። ከቻንግሻ ደቡብ ምዕራብ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነዳን። መንገዱ መጀመሪያ ሰፊ፣ በኋላ በሩዝ ማሳ መሐል የሚያልፍ ቀጭን አስፋልት ነው። ሩዙ ታጭዷል። የማኦ የትውልድ ቦታ ሻዎሻን ቅርብ ነው፣ የቱሪስት አውቶቡስ ሁሉ ወደዚያ ይታጠፋል። እኛ ወደ ዉሺ ሄድን፣ የማርሻል ፐንግ ደኋይ ቀዬ።

ፐንግ የመከላከያ ሚኒስትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ፣ ማኦ ምርት ባጭር ጊዜ እንዲያድግ ባዘዘበት በታላቁ ዝላይ ዘመቻ ዘመን፣ ወደዚህ መጥቶ የሚነገረው የምርት ቁጥርና መሬት ላይ ያለው እንደማይገናኝ አየ። በሐምሌ 1959 በሉሻን ተራራ ትልቅ የፓርቲ ስብሰባ ተደረገ። ፐንግ ማኦን ለብቻው ሊያናግር ሄደ፤ ተኝቷል ተባለ። ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በአክብሮት ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ የተገኘውን ውጤት ያመሰግናል፣ ከዚያ ጉድለቱን ያነሣል። ለአንድ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ማኦ አሳትሞ ለተሰብሳቢው ሁሉ አደለው። ከዚያ በስብሰባው ፊት ተቸው። ፐንግ በዚያው ዓመት መስከረም ከሥልጣኑ ተነሣ። በባህል አብዮቱ ተደበደበ፣ ታሰረ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1974 ሞተ። ስሙ የታደሰው በ1978 ነው።

አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር ቀኑን አሰብኩ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 20 ቀን 1967 ነው። ስልሳዎቹ በተገደሉ በስድስተኛው ቀን። በዚያች ሌሊት አብሮ የሞተው ጄኔራል አማን አንዶም የደርጉ ሊቀ መንበር ሆኖ ከደርጉ ጋር ያልተስማማ ሰው ነበር። የሁለቱ አገር ታሪክ አንድ አይደለም። እዚያ ቤት ደጃፍ ቆሜ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አሰብኳቸው።

ፐንግ ሁሉንም በወጉ ነው ያደረገው። ለብቻ ሊያነጋግር ሄደ፣ በትሕትና ጻፈ፣ ፊት ሰጠ። የጓንዡዋ ነጋዴም፣ አስተርጓሚውም የመከሩኝ ይህንኑ ነው። መንገዱ የሚያዋጣው ከላይ ያለው ሰው ሊሰማ ከፈለገ ነው። የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሊሰማ ፈለገ። ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ያልፈለገ ዕለት ግን ያ ሁሉ ትሕትና ልጁን አያድነውም።

ከግቢው ውጭ አንዲት እናት የተቀቀለ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። በ5 ዩዋን ገዛን። መንገዱን ሙሉ እሱን እየቆረጠምን ተመለስን፣ ብዙም አላወራንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9፣ እና ከዚያ በኋላ

ወደ ጓንዡ በባቡር፣ ከዚያ በሌሊት ወደ ቦሌ። አውሮፕላን ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊያችን የቅድሚያ ክፍያው እንደከነከናት ነገረችኝ። ኢንጂነር የተስማሙበት መጠን ከፍተኛ ነው፣ በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ የዕቃውን ሰነድ አይቶ በሚከፍልበት መንገድ፣ ቢሆን ይሻለናል አለች። «ለምን እዚያው አልተናገርሽም?» አልኳት። «እሳቸው አንዴ እሺ ካሉ በኋላ?» አለችኝ።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ሪፖርት አቀረብን። ኢንጂነር መሐል ተቀመጡ። ቀድመው ተናገሩ። ሁላችንም ጻፍን። ክፍያው ጋ ሲደርሱ እሷን አየኋት፣ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ግድግዳው ጋ የተቀመጡትን ልጆቻችንንም አየሁ። ለስንት ዓመት እዚያ ሲቀመጡ አንድ ቀን እንኳን ምን እንደሚያስቡ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከስብሰባ በኋላ ኢንጂነር ቢሮ ለብቻዬ ገባሁ። የክፍያውን ነገር ከእሷ ጋር እንዲያዩት ለመንኩ። በሚቀጥለው ስብሰባም ታናናሾቹ እንዲቀድሙ፣ እሳቸው በመጨረሻ እንዲናገሩ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ።

«እናየዋለን» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ከቻንግሻ ፎቶ መጣ። የሞተሩ የስም ሰሌዳ ነው። ከፍታ፣ 3000 ሜትር ይላል። በቡድኑ ውስጥ ለዋና ሥራ አስኪያጁ የምስጋና መልእክት ጻፍኩ። ለቴክኒክ ክፍሉ በሙሉ ብዬ ጨመርኩበት፣ ከዚያ በላይ መጻፍ ልጁን እንደሚጎዳው አሁን አውቃለሁ። መልሱ አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር። ሾውዳው፣ ሾውዳው። በየስሙ ጣቴን እያሳረፍኩ ወረድኩ። አሥራ አንደኛው የእሱ ነው።